ከደብተራው ብራና እስከ ሰዓሊው ሸራ

ሰላ ድንጋይ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በሞጃና ወደራ ወረዳ ያለች የቆየች ከተማ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸው እዚህ ነበር፤ ኋላም ዳግማዊ ምኒልክን ቀብተው ያነገሡት ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ኖረውባታል። ዛሬ ስሟን አዘውትሮ የሚያነሣው ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚጓዘው ምእመን ነው። አገሩ የጥንቱ ተጉለት ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የደብረ ምጥማቅን ገዳም የተከሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማም የሰንበትን ክርክር በጉባኤ የቋጩት በዚሁ ምድር ነው።

ስለ ዘመናዊ ሠዓሊዎቻችንና ስለ እነሱ ስለተጻፉ መጻሕፍት ሳስብ ሐሳቤ ወደ ተጉለት የሚሄደው በእኒህ ንጉሥ ምክንያት ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ጠንቋይንና አስማተኛን አጥብቀው ያሳደዱ ነበሩ። ዜና መዋዕላቸው ደግሞ ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ቃል ጽፎ እንዲይዝ ማዘዛቸውን ይተርካል። እንግዲህ የተጻፈ ቃል ሰውነትን ይጠብቃል በሚለው ንጉሡም አስማት የሚጽፈው ደብተራም ይስማማሉ፤ የተጣሉት የትኛው ቃል ይጻፍ በሚለው ላይ ነው። ይህ ጥል ያልተጻፈበት የሥዕል ታሪካችን ግማሽ ታሪክ ይመስለኛል።

ደብተራው የሚጽፈው ክታብ ነው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቅና ብራና ይሆናል፤ ከዚያ በጠባቡ እየተቆረጠ ጫፍ ለጫፍ ይሰፋል። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንዲሆን ይፈለጋል፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጸሎቱ በመቃ ብዕርና በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ መክፈቻውና ቅዱሳት ስሞቹ በቀይ ይደምቃሉ። ውስጡ የእግዚአብሔር ኅቡእ ስሞች፣ መርበብተ ሰሎሞንና የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ይገኙበታል። ሱስንዮስ ልጁን የገደለችበትን ጋኔን ውርዝልያን በፈረስ አሳድዶ በጦር የወጋ ነው፤ ስለዚህ ፅንስ የሚጨነግፍባት፣ ሾተላይ ያስቸገራት እናት ክታቡን ታስጽፋለች። የባለቤቱ የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል እየገባ ይደጋገማል። የተጻፈው ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

የቆዩ ጥቅልሎችን በቅርብ የሚያይ ሰው ስሙ ካለበት ቦታ ላይ ዐይኑን ቢያሳርፍ ደግ ነው። ብዙ ጊዜ ብራናው እዚያ ላይ ሳስቷል፤ የድሮው ስም ተፍቆ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም አዲስ ስም ተተክቷል። ክታቡ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ተላልፏል ማለት ነው። ጸሎቱ እንዳለ ይቀራል፣ የሚጠበቀው ሰው ብቻ ይለወጣል። ብዙውን ጊዜ ስሙ የሴት ነው።

በጽሑፉ መሐል ጠልሰም ይሣላል፦ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ማዕከሉ ላይ ፊት ያለበት ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በየማዕዘኑ የተበተኑ ትልልቅ ዐይኖች። ሥዕሉ ለጌጥ የገባ አይደለም፣ ራሱ መድኃኒት ነው። ሕመምተኛው ጠልሰሙን ሲመለከት በውስጡ ያደረው መንፈስም በእሱ ዐይን ያያል፤ ያየውም ነገር ያስደነግጠዋል፣ ያስለቅቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥበብ ስታወግዝ ኖራለች። ደብተራው ግን ዜማውንና ቅኔውን በአደባባይ፣ አስማቱን በጓዳ እየተማረ አቆይቶታል።

ይህን ዕውቀት ወደ ሥዕል መጻሕፍት ያስገባው ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ የአስማት ጥቅልሎች፣ በ1997 ደግሞ ሥዕል እንደ መድኃኒት ስለሚሠራበት ባህል ያሳተማቸው መጻሕፍት እስከ ዛሬ መነሻ ናቸው። ከእነዚህ ይበልጥ የምወድለት ግን ጌራንና ጌድዮንን ለዓለም ማስተዋወቁን ነው። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ የጠልሰም ሊቃውንት ነበሩ፤ እሱ ሲያበረታታቸው ጠልሰሙን ከጠባቡ ብራና አውጥተው በሰፊ ወረቀት ላይ ሠሩት። ሥራዎቻቸው ፓሪስ ድረስ ሄደው ታይተዋል። የጌድዮንን መስመሮች ያየ ሰው ዐይኑን የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ አያገኝም፤ ፊት ከፊት፣ ዐይን ከዐይን እየተወለደ ወረቀቱን ይሞላዋል።

በሌላው መንገድ የመጡት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሰዎች ናቸው። እስክንድር ቦጎስያን እ.ኤ.አ. በ1955 በስኮላርሺፕ ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ፓሪስ ሲኖር የኩባውን ዊፍሬዶ ላምን ሥራ አወቀ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን የገዛው ገና በወጣትነቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ቀጥሎ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ በ2003 ዐረፈ። በሸራውም በቆዳውም ላይ የክታቡ ጥቅልል፣ ዐይኑና ክንፉ ይመላለሳሉ። ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ደርድሮ ሲሥልበት ያው የክታቡ ቀጭን ቁመት ይመለሳል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደሉን ራሱን ከትርጉሙ ፈትቶ ቅርጽ አደረገው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲጻፍ «ምሥጢራዊ» የሚለው ቃል በየካታሎጉ ይደጋገማል፣ ጸሐፊው ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያቆማል። ይህ ያሳዝነኛል። ክታብ ሥርዓት ያለው ነገር ነው፦ ማን አስጻፈው፣ ለየትኛው ሕመም፣ የትኛው ጸሎት ከየትኛው ጠልሰም ጋር ይሄዳል፣ ሁሉም መልስ አለው። እስክንድር ደግሞ ደብተራ አልነበረም። በክታቡ ላይ የወለተ ማርያም ወይም የኃይለ ሚካኤል ስም አለ፤ በእስክንድር ሸራ ላይ የማንም ስም የለም። ለአንድ ሰው ገላ የተሠራው ዐይን በሸራው ላይ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያያል። ያን ዐይን ማን እንዲጠበቅበት ነው የሠራው የሚለው ጥያቄ «ምሥጢራዊ» ከሚለው ቃል እጅግ የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን በቁም ነገር የያዙ ጸሐፊዎች አሉን። ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳ ስለ እስክንድርና ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕል ቀድመው ከጻፉት አንዱ ነው፤ ሠዓሊውን እንደ ሐሳብ ባልንጀራ ነበር የሚያነበው። ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ደግሞ ሥዕሉን ከፖለቲካውና ከዘመኑ አስተሳሰብ ጋር አያይዞ ይመረምራል፤ ዘመናዊነትን ከውጭ እንደመጣ ዕቃ ለሚቆጥር ሰው በቂ መልስ ነው።

የሚያሳስበኝ ቋንቋው ነው። እነዚህ መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ናቸው። ግእዙን በቃሉ የሚያውቅ፣ የጸሎቱን ቅደም ተከተል አይቶ የትኛው እጅ እንደጻፈው የሚገምት የሰላ ድንጋይ ወይም የአንኮበር መሪጌታ ሊያነባቸው አይችልም። የሥዕል ተቺውም በበኩሉ ከመሪጌታው ደጅ አይደርስም። ሠዓሊው የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱበት አንኮበር ሳይቀር ከእነዚህ መጻሕፍት ተለያይቷል። እነዚህ ሥራዎች ወደ አማርኛ ተመልሰው መሪጌታው በኅዳጉ ላይ እርማቱን ቢጽፍበት ትችታችን ዛሬ የሌለውን ዕውቀት ያገኝ ነበር።

መጽሐፉ እስኪደርሰው ዐይኑን ማሠልጠን ለሚፈልግ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ጥሩ መነሻ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ አለ፤ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። መጀመሪያ ጥንታዊውን ብራናና ሥዕል፣ ቀጥሎ ሸራውን ማየት ይሻላል።