ስያሜና ጥገና፦ የቆየ የፋይበርግላስ ባለሸራ ጀልባ ቃላት በአማርኛ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው የመማሪያ መጽሐፍ ወይም የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ ያልተስተካከለ ስያሜ ቢገባ አንባቢው ይደናገራል፤ ይጠይቃል፤ ውሎ አድሮም ይታረማል። የእንክብካቤና የጥገና መመሪያ ግን ከዚህ ይለያል። አንባቢው መመሪያውን በአንድ እጁ፣ መፍቻውን በሌላው እጁ ይዞ የሚሠራ በመሆኑ ያነበበው ቃል ወዲያውኑ ሥራ ይሆናል። ቃሉ ከተሳሳተ ሥራውም ይሳሳታል። በዚህ ጽሑፍ የቆየ የፋይበርግላስ ባለሸራ ጀልባ ይዞ ማቆየትን የሚመለከቱ ጥቂት ቃላትን መርምረን፣ ለእንዲህ ያለው ሙያ ስያሜ ሲሰጥ ከነገሩ መልክ ይልቅ የነገሩ ጠባይና ተግባር መሪ ሊሆን እንደሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ርእሱ ለአገራችን አንባቢ ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ፋይበርግላስ ለጀልባ ብቻ የሚውል ቁስ አይደለም፤ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ የተሽከርካሪ አካልና የጣሪያ ክዳንም ይሠራበታል። ለጀልባው የምንመርጠው ቃል ለእነዚህም ያገለግላል።

1. ስለ ቁሱና ስለ ጀልባው

ፋይበርግላስ የሁለት ነገሮች ውሕደት ነው። መስተዋት ቀልጦ እጅግ በቀጠነ ክር ይሳባል፤ ክሩ ተሸምኖ ወይም እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ በፈሳሽ ሬዚን ይርሳል፤ ሬዚኑ ሲጠጥር ሁለቱ አንድ አካል ይሆናሉ። ለጀልባ በብዛት ያገለገለው ፖሊኤስተር የተባለው ሬዚን ነው። አሠራሩ በአሜሪካ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ሲሆን፣ ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ የቀረበችውን ትራይተን የተባለች ባለሸራ ጀልባ መጥቀስ ይቻላል። ንድፏን ያወጣው የስዊድን ተወላጁ ካርል አልበርግ፣ የሠራት ደግሞ በሮድ አይላንድ የነበረው የፒርሰን ኩባንያ ነው። ርዝመቷ 8.7 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እስከ 1967 ድረስ ከ700 በላይ ተሠርተዋል። ከስድሳ ዓመት በላይ ቢያልፍም ብዙዎቹ ዛሬም በውኃ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ጀልባይቱ ከመጀመሪያ ባለቤቷ አልፋ ለሦስተኛና ለአራተኛ ሰው ትተላለፋለች። ዋጋዋ ዝቅ ስለሚል ገዢዋ ብዙ ጊዜ ባለሙያ የሚቀጥር ባለጸጋ ሳይሆን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ነው። መመሪያው የሚጻፈውም ለእርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ «አሮጌ» ማለትን ትተን «የቆየ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። «አሮጌ» አገልግሎቱ ያለቀለትን ነገር ያሳስባል፤ «የቆየ» ግን ዕድሜን ብቻ ይናገራል፤ ፍርዱንም ለምርመራ ይተወዋል።

2. በእጃችን ያለው የቃላት ሀብት

አማርኛ ለውኃ ጉዞ ባዶ እጁን አይደለም። ከሐይቅ ኑሮ ታንኳን፣ ጀልባን፣ መቅዘፊያን አግኝቷል። ከግእዝና ከመጻሕፍት ትርጉም ደግሞ መርከብን፣ መልሕቅን፣ ደቀልን ወርሷል። ደቀል ሸራ የሚዘረጋበት ቋሚ እንጨት ሲሆን፣ ተርጓሚዎች በምትኩ «ምሰሶ» ማለት ያዘወትራሉ። ምሰሶ ግን የቤት ነው፤ ከላዩ ጣሪያ ተሸክሞ በገዛ ክብደቱ ይቆማል። ደቀል ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ካልተወጠረ ቆሞ አይቆይም። ስለዚህ ነባሩ ቃል ይበጃል እንላለን።

ከዕቃው ስም ሌላ የጠባዩም ቃል አለን። የጣና ባለታንኳ ከደንገል የሠራው ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። «ውኃ ጠጣ» የሚለው አነጋገር የውኃን ወደ ቁስ ውስጥ መስረግ ከነውጤቱ ይገልጻል። ቀጥሎ እንደምናየው ይህ አነጋገር ለፋይበርግላስም ተገቢ ነው።

3. እንክብካቤ፣ ጥገና፣ እድሳት

በትርጉም ሥራ ውስጥ እነዚህ ሦስቱ ሲቀያየሩ ይታያል፤ በተለይ «ጥገና» ሁሉንም ይውጣል። «ጠገነ» የተሰበረን ነገር ይመለከታል፤ ወጌሻም የሚጠግነው የተሰበረ አጥንት ነው። መመሪያው «በየዓመቱ ጥገና ይደረግለት» ካለ፣ ምንም ያልተሰበረበት ባለጀልባ ትእዛዙ እንደማይመለከተው ቢያስብ ከቋንቋው አንጻር ትክክል ነው። ስለሆነም ጉዳት ሳይደርስ የሚሠራውን «እንክብካቤ»፣ ከጉዳት በኋላ ያለውን «ጥገና»፣ ጀልባውን ወደ ቀድሞ ይዞታው የመመለሱን ሰፊ ሥራ «እድሳት» ብሎ መለየት ያሻል። የቆየ ጀልባ ባለቤት ሥራ በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

4. ሙጫ

«ሙጫ» በአማርኛ ከዛፍ የሚወጣውን ፈሳሽም፣ አናጺው እንጨት የሚያያይዝበትንም ያመለክታል። በጀልባ መመሪያ ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ከመስተዋት ክር ጋር ተዋሕዶ አካል የሚሆነው ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ነገሮችን አጥብቆ የሚያያይዘው ነው፤ ሦስተኛው በመጋጠሚያ ላይ ውኃ እንዳያልፍ የሚከለክለው ነው። ይህ ሦስተኛው ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ መለጠጥ አለበት፤ ጀልባው በማዕበል ሲናጥ የጀልባው አካልና በላዩ የተገጠመው ብረት በየራሳቸው ጥቂት ይንቀሳቀሳሉና። ተርጓሚው በዚህ ቦታ «በሙጫ ይጣበቅ» ቢል፣ አንባቢው የሚጠጥር ኢፖክሲ ሊያፈስስበት ይችላል። የጠጠረው ነገር መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ውኃውም በስንጥቁ ይገባል። በመሆኑም የመጀመሪያውን በውሰት ቃሉ «ሬዚን»፣ ሁለተኛውን «ማጣበቂያ»፣ ሦስተኛውን «ማሸጊያ» ማለትን እንመርጣለን።

5. ውኃ መቋጠርና መበስበስ

የፋይበርግላስ ጀልባ ውጫዊ አካል «ቀፎ» ሊባል ይችላል። በእንጨት ጀልባ ሳንቃው የሚያርፍበት አጽም አለ፤ በፋይበርግላስ ግን ጫናውን በአብዛኛው የሚሸከመው ልጡ ራሱ ነው። ቀፎው ከላይ የሚያብረቀርቅና ቀለም ያለው ስስ የሬዚን ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን ኋላ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ ጀልባው በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲሠራ አስቀድሞ የሚረጭ ነው። ስለዚህ «ቀለም» ከማለት «ልባስ» ማለት ይሻላል።

ልባሱ ውኃን ፈጽሞ አይከለክልም። በዓመታት ውስጥ ጥቂት ውኃ ይሰርጋል፤ በሬዚኑ ውስጥ የቀሩ የሚሟሙ ነገሮችንም ያሟሟል። የተፈጠረው ፈሳሽ ከውጪው ውኃ ይልቅ የወፈረ በመሆኑ በኦስሞሲስ ሕግ ተጨማሪ ውኃ ይስባል፤ ግፊቱም ልባሱን ወደ ላይ ያሳብጠዋል። እብጠቱ ሲፈርጥ የሚወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

ይህን ሁኔታ «የጀልባው መበስበስ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው። መበስበስ ሕይወት የነበረው ነገር ዕጣ ነው፤ ፖሊኤስተርና መስተዋት እንደ እንጨት አይበሰብሱም። አማርኛ ለዚህ የሚስማማ አነጋገር አለው። በእሳት የተቃጠለ ቆዳ «ውኃ ቋጠረ» ይባላል፤ በላይ ሽፋን ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሞ ማበጡን ቃሉ በትክክል ይገልጻል። እኛም «ውኃ መቋጠር» እንላለን። «ቋጠሮ» የሚለውን የስም መልክ ያልመረጥነው በዚሁ ሙያ ውስጥ የገመድ ቋጠሮ ስላለ ነው። ስሙ ከመድኃኒቱ ጋር ይስማማል፤ ውኃ የቋጠረ ልባስ ይገፈፋል፤ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ለሳምንታት አልፎም ለወራት ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ በኢፖክሲ ይለበሳል። ሳይደርቅ የተለበሰ ቀፎ ውኃውን በውስጡ ያሽጋል። የጣና ባለታንኳ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

«መበስበስ» ግን ከዚሁ ጀልባ ላይ ትክክለኛ ቦታ አለው። የጀልባው ላይኛ ክፍል ከላይ ለሚራመድ ወለል፣ ከታች ለተቀመጠ ጣሪያ ነው፤ ሁለቱንም የሚያጠቃልለው «ደርብ» የሚለው ቃል ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ጀልባዎች ደርቡ በሁለት የፋይበርግላስ ልጦች መካከል ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት የገባበት ነው። አንዳንዶች ይህን እንጨት «ሙሌት» ይሉታል። ሙሌት ክፍት ቦታ ለመሙላት ያህል የገባ ነገር ነው፤ ባልሳው ግን ሁለቱን ልጦች አራርቆና አያይዞ በመያዝ ደርቡን ያጠነክረዋል። ስለዚህ «መሐል ገብ» ብንለው ይሻላል። በብረት መግጠሚያዎች ሥር ውኃ ሲገባ መሐል ገቡ ይበሰብሳል፤ ደርቡም በእግር ሲረገጥ ይለምጣል። ጤነኛው ቦታ በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የበሰበሰው ድፍን ድምፅ ያሰማል። ውኃ የቋጠረ ቀፎ ብዙ ጊዜ ጊዜ ይሰጣል፤ የበሰበሰ ደርብ ግን ደቀሉን ከሚይዙት ብረቶች አጠገብ ከሆነ ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተርጓሚ ቅድሚያውን አጥፍቷል።

6. አውታር፣ ካስማና «የማይዝግ ብረት»

ደቀሉን ግራና ቀኝ ወጥረው የሚያቆሙት ሽቦዎችና ሸራውን ለማንሣትና ለመሳብ የሚያገለግሉት ክሮች ሁሉ «ገመድ» ተብለው ሲተረጎሙ እናገኛለን። የመጀመሪያዎቹ ሳይንቀሳቀሱ ሁልጊዜ የተወጠሩ ናቸው፤ ሁለተኞቹ በእጅ ይሳባሉ፤ ይለቀቃሉ። ለመጀመሪያዎቹ ከድንኳንና ከበገና የምናውቀው «አውታር» የተዘጋጀ ቃል ነው፤ ውጥረትን በራሱ ይናገራል። አውታሩ ከጀልባው አካል ጋር የሚያያዝበት ጠፍጣፋ ብረትም «የአውታር ካስማ» ሊባል ይችላል፤ የድንኳኑ ካስማ ሲነቀል የሚሆነውን አንባቢ ሁሉ ያውቃልና። «ገመድ» የሚለው ለሁለተኞቹ ይቀራል።

እዚህ ላይ «የማይዝግ ብረት» የሚለው የተለመደ ስያሜ ችግር ያመጣል። ይህ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለበት ሲሆን፣ ከዝገት የሚጠብቀው በገጹ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጎዳ ራሱን የሚያድሰው ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። የአውታር ካስማ ደርቡን በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ላይ ግን ጨዋማ ውኃ ተኝቶ አየር ያጣል፤ ብረቱም ከውጪ እያብረቀረቀ በተሸሸገው በኩል ይበላል። «የማይዝግ ብረት ካስማዎችን ዝገት እንዳለባቸው መርምር» የሚል ዓረፍተ ነገር ራሱን የሚቃረን በመሆኑ፣ አንባቢው የትርጉም ስሕተት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «ዝገት ተከላካይ ብረት» ብንል ግን ትእዛዙ ትርጉም ይኖረዋል፤ የሚከላከል ሁሉ ሊሸነፍ ይችላልና።

7. ነሐስና ናስ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በቀፎው ላይ ከውኃው መስመር በታች ውኃ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነርሱም ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ይገጠማል። ቫልቩ ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል ከተሠራ የባሕር ውኃን ለረጅም ዘመን ይቋቋማል። ከመዳብና ከዚንክ ከተሠራ ግን በባሕር ውኃ ውስጥ ዚንኩ ከቅልቅሉ እየወጣ ያልቃል፤ የሚቀረው ቀላ ያለ፣ ቀዳዳ የበዛበት፣ ደካማ መዳብ ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ በእጅ ሲነካ ሊሰበር ይችላል፤ የተሰበረ ቫልቭም ጀልባን ያሰጥማል።

በዕለት ንግግራችን «ነሐስ» ሁለቱንም ቅልቅል ይጠራል፤ «ናስ»ም በዚያው ትርጉም ይነገራል። ሁለቱ ከአንድ ቃል የወጡ መልኮች መሆናቸውን ድምፃቸው ያመለክታል። ቋንቋ ሁለት መልክ ሲኖረው ሥራ ማካፈል ይቻላልና፣ ለመዳብና ቆርቆሮው «ነሐስ»፣ ለመዳብና ዚንኩ «ናስ» ተለይቶ ይወሰን እንላለን። «ቆርቆሮ» የጣሪያ ክዳንንም ስለሚያሳስብ «የቆርቆሮ ነሐስ» የሚለውን ጥምር አልመረጥንም።

ተርጓሚው በባዕዱ ስም ላይ ብቻ መታመንም የለበትም። እንግሊዝኛው «ማንጋኒዝ ብሮንዝ» የሚለው ቅልቅል ብዙ ዚንክ ያለበት በመሆኑ በጠባዩ ናስ ነው። ስሙን ተከትሎ ነሐስ የሚል ተርጓሚ የእንግሊዝኛውን ግድፈት ወደ አማርኛ ያሻግራል። መታየት ያለበት ቅልቅሉ ነው።

8. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተገለጹት ምሳሌዎች ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል።

ሀ) በእንክብካቤ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ስያሜ የተለያየ መድኃኒት ያላቸውን ሁለት ችግሮች መጥራት የለበትም፤ ውኃ መቋጠርና መበስበስ፣ ማጣበቂያና ማሸጊያ ለዚህ ምስክር ናቸው።

ለ) ስያሜ ነገሩ የማይፈጽመውን ተስፋ መስጠት የለበትም፤ «የማይዝግ» እንዲህ ያለ ስያሜ ነው።

ሐ) አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት በድንኳኑ፣ በታንኳውና በቆዳው ዙሪያ ያለው ነባር ቃል ይመርመር፤ ከዚያ የማይገኘውን፣ ለምሳሌ ፋይበርግላስን፣ ሬዚንንና ኢፖክሲን በውሰት መያዝ አያሳፍርም።

እነዚህ ስያሜዎች ለውይይት የቀረቡ ናቸው። ተርጓሚዎች በሥራቸው ላይ እንዲሞክሯቸው፣ በተለይም በሐይቅ ዳርና በጋራዥ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸውን ቃላት አሰባስበው ከእነዚህ ጋር እንዲያነጻጽሩ እንጠይቃለን። ባለሙያው በእጁ ሥራ የፈተነው ቃል ካለ፣ እኛ በጠረጴዛ ላይ ካዘጋጀነው መቅደም ይኖርበታል።