እውነት ወይስ ተረት? ጎራዴው ላይ የተጻፈው

«የአረብ ጽሕፈት አለው፤ የግራኝ ዘመን የቱርክ ሰይፍ ነው!» አንዋር መስጊድ ሰፈር አሮጌ ጎራዴ ሲገበያዩ እንዲህ የሚል ሰው አይጠፋም።

ተረት ነው። ቱርኮች ለግራኝ (ለኢማም አሕመድ) የላኩት በዋናነት ነፍጠኛና መድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1542 ወፍላ ላይ የፖርቱጋላዊውን አዛዥ የክሪስቶቮ ዳ ጋማን ጦር የፈታውም እሱ ነው። ቱርኮቹ ራሳቸው ምጽዋን የያዙት በ1557፣ ኢማሙ ከሞቱ 14 ዓመት በኋላ ነው። በአረብ ፊደል የተጌጠ ስለት ደግሞ ከየመንም፣ ከፋርስም፣ ከሕንድም በቀይ ባሕር ይመጣ ነበር።

ሰፈሩ አረብኛ አንባቢ ሞልቶታል፤ ታዲያ ይነበብልን? ፊደሉን ለይቶ ቃሉ ግራ የሚያጋባው ቢኖር አይፈረድበትም። በኦቶማን ሰይፍ ላይ የቁርኣኑ አንቀጽ በአረብኛ ሆኖ ግጥሙ በፋርስኛ ወይም በቱርክኛ ሊሆን ይችላል። የአንጥረኛ ስምም ሁልጊዜ አይታመንም። «የአሰዱላህ ሥራ» የሚል ጽሕፈት የተገኘባቸው ስለቶች አንድ ሰው በዕድሜው ሊሠራ ከሚችለው በላይ ናቸው፤ ስሙ የጥራት ማኅተም ሆኖ ነበር። የሚታመንም አለ፦ አሕመድ ተከሉ ለኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን እ.ኤ.አ. በ1526/27 የሠራው ያታጋን (አጭር ጎራዴ) ስሙንም ዘመኑንም ይዞ ዛሬ ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ይገኛል።

«ወርቁ ቀልጦ የፈሰሰ ነው» የሚባለውስ? አይደለም። በአንዳንዱ ብረቱ በመቦርቦሪያ ተፈልፍሎ የወርቅ ሽቦ በመዶሻ ይቀበርበታል። ርካሹ ዘዴ ግን የብረቱን ገጽ በጥቃቅን መስቀለኛ ጭረት አሻክሮ፣ ስስ ወርቅ ላዩ ላይ መቀጥቀጥ ነው። ወርቁ በተላጠበት ቦታ አጉሊ መነጽር ብታሳርፉ ጭረቱ እንደ ወንፊት ይታያል።

ስለቱ መሐል ያለው ቦይም የደም መውረጃ አይደለም፤ ክብደት መቀነሻ ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ተረት ግን ይኼ ነው፦ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የተጻፈበት ጎራዴ የሀገር ቤት አንጥረኛ ሥራ ነው።» ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብዙው ስለት የጀርመን ዞሊንገን ከተማ ፋብሪካዎች ሥራ ነው። አንበሳውና የግዕዙ ፊደል የተቀረጹት እዚያው፣ በአሲድ ነው፤ እጀታውና የቆዳው አፎት ግን እዚህ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ከአንበሳው በፊት እጀታው ሥር ያለውን የፋብሪካ ማኅተም ፈልጉ። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፤ ዓለም አቀፉ የንግድ እገዳ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሁሉንም የአውራሪስ ዝርያዎች ይመለከታል።