የአበባ ዱቄት «የበሽታ መከላከል አቅምን ይጨምራል» ሲባል

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ስለ አበባ ፖሊሳካራይድ ዱቄት ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ዱቄቱን ገዝተው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊያቆሙ ያሰቡም አሉ። እባካችሁ እሱን አታድርጉ!

ፖሊሳካራይድ ማለት የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚፈጥሩት ነገር ነው። አብሽ ሲነከር የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር አንዱ ነው። የእንጀራችን ስታርችም እንደዚሁ። አበባ ውስጥም አለ፤ ለምሳሌ ቻይናዎች ለሻይ በሚጠቀሙበት፣ ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ በሆነው ክሪሳንተመም ውስጥ።

አወጣጡ እንዲህ ነው፦ የደረቀው አበባ ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ውሃው እንዲወፍር ይተናል። ከዚያ አልኮል ይጨመርበታል። ፖሊሳካራይዱ አልኮል ውስጥ ስለማይሟሟ እንደ ደመና ሆኖ ይዘቅጣል። ፕሮቲኑ ተወግዶ ይደርቃል። (ቤት ከምናፈላው ሻይ ጋር አንድ እንዳልሆነ ልብ በሉ።)

ቀጥሎ ዱቄቱ ሳህን ላይ ባደጉ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ህዋሶች ላይ ይሞከራል። ህዋሶቹ ነቁ? «መከላከያን ይጨምራል» የሚለው ዜና የሚወጣው እዚህ ጋ ነው! እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ኢንዶቶክሲን ተለክቷል ወይ የሚለውን ነው። ኢንዶቶክሲን ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ግድግዳ የሚመጣ ነገር ነው፤ ትንሽ እንኳ ከተቀላቀለ እነዚያኑ ህዋሶች ይቀሰቅሳል። ካልተለካ ህዋሱን ያነቃው አበባው ይሁን ብክለቱ በምን ይታወቃል?

ደግሞ እኛ ሳህን አይደለንም። በአፍ የምንወስደው የአበባ ፖሊሳካራይድ አብዛኛው ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርስና እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ለአንጀት ሊጠቅም ይችላል፤ ደም ውስጥ እንዳለ ገባ ማለት ግን አይደለም።

«ከርከዴስ ዶክተር?» ትሉኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የቦስተን ተመራማሪዎች ጥናት አለ። 65 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ለ6 ሳምንት በቀን 3 ኩባያ ጠጡ። ከርከዴ የደረሳቸው የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7 ገደማ ወረደ፣ ማስመሰያ የጠጡት በ1 ገደማ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን የተሞከረው ሙሉ ሻዩ እንጂ ፖሊሳካራይዱ ብቻውን አይደለም፤ ሰዎቹም ግፊታቸው በትንሹ ከፍ ያለ፣ መድኃኒት ያልጀመሩ ነበሩ። ግፊቱ 180 ለሆነ ሰው ይሄ መድኃኒት አይተካም።

ከርከዴ የምትወዱ ያለ ስኳር ጠጡ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ላይ ያላችሁና እርጉዞች ግን አዘውትራችሁ ከመጠጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዱቄቱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ለቀጠሮ ስትሄዱ ዕቃውን ይዛችሁ አሳዩ።