የሶማሌ ተራ ዓይንና የላፕቶፕ ምርጫ

በመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲናሞ ለመግዛት የመጣ ልምድ ያለው መካኒክ ዕቃውን የሚመረምርበት የራሱ ሥርዓት አለው። ቀለሙን አይመለከትም፤ ቀለም ትናንት ማታ ሊቀባ እንደሚችል ያውቃልና። ዕቃውን ገልብጦ በአካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያነባል። ዘንጉን በጣቱ አሽከርክሮ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ኩሽኔታው ከተበላ ድምፁ ያጋልጠዋል። ቢቻለው ከሥራ ላይ አውሎ ይሞክረዋል። ዋጋ የሚጠየቀው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር እንጂ የኮምፒዩተር ገበያ አይደለም። ሆኖም ለሙያ ሥራ የሚውል፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ፣ ከፍተኛ ዐቅም ያለው ላፕቶፕ እንዴት እንደሚመረጥ ለአንባብያን ለማስረዳት ስንነሣ ከዚያ ሰፈር የተሻለ መነሻ አላገኘንም። ምክንያቱም ከባልደረቦቻችን በአንዱ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ባልደረባችን የሳተላይት ምስሎችን እያቀነባበረ የተፋሰስ ካርታ ያዘጋጃል። በ2017 ዓ.ም. አንድ የጥናት ሥራ በውል ተቀበለና ለዚሁ ሲል ያጠራቀመውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ላፕቶፕ ገዛ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ በመውጣቱ፣ አዲስ ዕቃ ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት ያገለገለ መረጠ። መሣሪያው ቀጭንና ብርማ ነበር። ክዳኑ አንድም ጭረት የለበትም፤ የተለጠፈበት ወረቀትም «ኮር አይ7» ይላል። ሻጩ ለአምስት ደቂቃ ከፍቶ አሳየው፤ ሁሉም ነገር ፈጣን ነበር።

ጉዱ የታየው ሥራው ሲጀመር ነው። ስሌቱ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ መጮኽ፣ መሣሪያውም ማዝገም ያዘ። በሁለት ሰዓት ያልቃል የተባለው ስሌት ሌሊቱን ሙሉ ወሰደ። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ሞተና የአምስት ሰዓት ስሌት ከነውጤቱ ቀረ። ሥራው ከቀነ ገደቡ ዘግይቶ ስለተረከበ ከክፍያው ተቀነሰ። ሻጩም ዕቃውን ሲያስረክብ ደህና እንደነበረ ተናግሮ ነገሩን ዘጋው።

የባልደረባችን አጎት በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቅ አላቸው። አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዘን ሄድን። አጎትየው መነጽራቸውን አድርገው መሣሪያውን እንደ ማንኛውም ዕቃ ገለበጡት።

«ቁጥሩን አንብበሃል?» አሉት።

«አይ ሰባት ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ ስሙ ነው። ቪትዝም ስሙ አንድ ነው፤ ባለ አንድ ሺህ ሲሲም አለ፣ ባለ አንድ ሺህ ሦስት መቶም አለ። እኔ የምጠይቅህ ሞተሩን ነው።»

ባልደረባችን መልስ አልነበረውም። እኛም ብንሆን በዚያች ቅጽበት ከእርሱ አልተሻልንም።

ስሙና ቁጥሩ

አጎትየው ኮምፒዩተር አጥንተው አያውቁም፤ ጥያቄያቸው ግን የነገሩን እምብርት የነካ ነበር። «አይ7» የሚለው ስያሜ የአንድን ፕሮሰሰር ዐቅም አይገልጽም፤ ኩባንያው በዚያ ዘመንና በዚያ መደብ ካሉት ምርቶች መካከል ከፍ ያለ ቦታ እንደሰጠው ብቻ ይናገራል። እውነተኛው መረጃ ከስያሜው ቀጥለው በሚመጡት አኃዞችና ፊደላት ውስጥ ይገኛል። በባልደረባችን ላፕቶፕ ውስጥ የነበረው አይ7-7500ዩ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው 7 ትውልዱን፣ መጨረሻ ላይ ያለው «ዩ» ደግሞ ኃይል ቆጣቢ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሲሆን የተነደፈውም ለ15 ዋት ነው። የአንድ ትውልድ ልጅና የስም ሞክሼው የሆነው አይ7-7700ኤችኪው ግን አራት ኮር ያለውና ለ45 ዋት የተነደፈ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ብቅ ያለውና በስሙ ዝቅ ያለው አይ5-8250ዩ በዚያው በ15 ዋት አራት ኮር መያዙ ነው። እንደ ካርታ ዝግጅት ባለ፣ ሥራው ለብዙ ኮሮች በሚከፋፈልበት ስሌት፣ ይህ አይ5 ያንን አይ7 ጥሎት ይሄዳል።

የትውልዱ ቁጥር ሌላም ጣጣ አለው። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ የሰባተኛ ትውልድ መሣሪያ በርካሽ ሲቀርብልን ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ብዙ ሰው መሣሪያውን ከመረጠ በኋላ ነው ስለ ሶፍትዌሩ የሚያስበው፤ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ሕንፃ የሚነድፍ መሐንዲስ የሚጠቀምበት ኢታብስ፣ የካርታ ባለሙያው አርክጂአይኤስ ፕሮም የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ባወጣው ኤም1 ፕሮሰሰር የጀመረው መስመር በትንሽ ኃይል ብዙ ሥራ በመሥራት ረገድ የሚደነቅ ቢሆንም፣ ለእነዚህ ባለሙያዎች ያን ያህል አይጠቅምም። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ኪውጂአይኤስን ለሚጠቀም ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሙቀትና ስስ አየር

አጎትየው ቀጥለው እጃቸውን በላፕቶፑ የጎን ቀዳዳ ላይ አደረጉ። «ትንፋሹ ደካማ ነው» አሉ፤ «ራዲያተሩ ታፍኗል።» በኋላ የኮምፒዩተር ጠጋኝ ሲከፍተው በእርግጥም በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ተገኘ።

አንድ ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል ሁሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። 45 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር በየሰከንዱ 45 ጁል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህ ሙቀት ካልወጣለት ራሱን ከቃጠሎ ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሻጩ አምስት ደቂቃ ያላሳየችው ይህንኑ ነው፤ ብረቱ ገና አልጋለምና። ቀጭን ላፕቶፕ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ቦታ ጠባብ ስለሆነ በሩጫ አጀማመሩ ይደነቅና እንደ ደከመ ሯጭ ወደ ኋላ ይቀራል።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 76 ዝቅ ይላል። ማራገቢያው በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ባይለወጥም፣ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ በሩብ ያነሰ ነው። የሶማሌ ተራ መካኒኮች ይህን በሚገባ ያውቁታል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከተማ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን የሚያጣው በዚሁ ስስ አየር ምክንያት ነው። ላፕቶፕም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በባሕር ዳርቻ ከተማ አየሩን በ20 ዲግሪ አሙቆ ሙቀቱን የሚያስወጣ መሣሪያ፣ ያንኑ ሙቀት በአዲስ አበባ ለማስወጣት አየሩን በ27 ዲግሪ ገደማ ማሞቅ ይኖርበታል።

ደግነቱ የከተማችን አየር ቀዝቃዛ ነው። በበጋ 40 ዲግሪ በሚደርስባት በጅቡቲ ከመሣሪያው የሚወጣው አየር 60 ዲግሪ ሲሆን፣ በ23 ዲግሪው አዲስ አበባ 50 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ ከጅቡቲ እንሻላለን፤ በዝቅታ ላይ ከምትገኘውና አየሯም ከእኛው ጋር ከሚቀራረበው ከለንደን ግን እናንሳለን። በውጭ አገር ተሞክሮ «ቀዝቃዛ ነው» የተባለ ቀጭን ላፕቶፕ እኛ ዘንድ ሲደርስ መንፈሱ የሚለወጠው ስለዚህ ነው። በእኛ ግምት ረጅም ስሌት የሚሠራ ባለሙያ ግማሽ ኪሎ ግራም ተጨማሪ ክብደት ተሸክሞ ሁለት ማራገቢያ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የመጀመሪያዎቹ ተጓጓዥ ኮምፒዩተሮች፣ ለምሳሌ የ1981ዱ ኦስቦርን፣ 11 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝኑ እንደነበር ለሚያስታውስ፣ ግማሽ ኪሎ የሚያስለቅስ አይደለም።

ለመስክ ሠራተኞች ደግሞ የሚከተለውን እንጨምር። ብዙ አምራቾች መሣሪያቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ እንደሚሠራ ይገልጻሉ። ለአሮጌው ሃርድ ዲስክ ይህ ወሰን የሞት ሽረት ነው፤ ማንበቢያ ራሱ ከሚሽከረከረው ሳሕን በናኖ ሜትር በሚለካ የአየር ሽፋን ላይ ተንሳፎ ይኖራልና አየሩ ሲሳሳ ሳሕኑን ሊነካ ይችላል። በስሜን ተራሮች ጨነቅ 3,600 ሜትርን ያልፋል፤ የባሌው ሳነቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። ወደዚያ የሚወጣ ተመራማሪ የሚሽከረከር አካል የሌለውን ኤስኤስዲ ይያዝ፤ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥበት ውጫዊ ዲስክም እንደዚሁ ይሁን።

ባትሪው

የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሦስት ሳይንቲስቶች የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኘ። ምንም እንኳ ይህን ያህል ክብር ቢያገኝ ያረጃል። ዐቅሙ በዋት ሰዓት ይለካል፤ 50 ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ 10 ዋት ለሚወስድ የጽሕፈት ሥራ አምስት ሰዓት፣ 50 ዋት ለሚወስድ ስሌት አንድ ሰዓት ያገለግላል። አምራቾች በማስታወቂያቸው የሚነግሩን የመጀመሪያውን ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስንገዛ መጠየቅ ያለብን ባትሪው ሲሠራ የነበረውን ዐቅምና ዛሬ የሚይዘውን ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በመሣሪያው ውስጥ ተመዝግበው ይገኛሉ፤ በዊንዶውስ ላይ ፓወርሲኤፍጂ የተባለው ትእዛዝ የባትሪ ሪፖርት አድርጎ ያወጣቸዋል። የባልደረባችን ባትሪ ከተሠራበት ዐቅም 38 በመቶ ብቻ ቀርቶት ነበር። ይህን ለማየት የሚፈጀው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ከፍተኛ ዐቅም ያላቸው ላፕቶፖች ባትሪ 100 ዋት ሰዓትን የማያልፈው ኩባንያዎቹ ስለሰሰቱ እንዳይመስለን። በአየር መንገዶች ደንብ መሠረት ከዚያ በላይ የሆነ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ አውሮፕላን አይገባም።

ሻንሲና ሊብሬ

መኪና ሲገዛ የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይነጻጸራል። በላፕቶፕም ከታች የተለጠፈው መለያ ቁጥር መሣሪያው ሲነሣ በባዮስ ገጹ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሁለት መሣሪያ አንድ ሆኗል ማለት ነው። ከውጭ ድርጅቶች ተሰብስበው የሚመጡ ላፕቶፖች የቀድሞ ባለቤታቸው ቁልፍ ሳይፈታላቸው የሚሸጡበት ጊዜም አለ። የአፕል መሣሪያ በቀድሞው ባለቤት ስም እንደተቆለፈ ከሆነ፣ ሻጩ ዛሬ ከፍቶ ቢያሳየንም ነገ እንደ አዲስ ሲጫን የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ስለዚህ እንደ አዲስ መጫኑ በፊታችን ይፈጸም።

ራሙም እንዲሁ ይጠየቅ። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራም ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ ነገ እንጨምራለን ማለት አይቻልም። አጎትየው ይህን ስንነግራቸው፣ «ታዲያ አንዷ ስትበላሽ ሙሉውን ግዛ ነው እንዴ?» ብለው ከልባቸው ተናደዱ። ለምስልና ለካርታ ሥራ 32 ጊጋባይት ዛሬ ቅንጦት አይደለም። የመስክ ባለሙያ የማያንጸባርቅና ቢያንስ 400 ኒት ብርሃን የሚሰጥ ስክሪን ያስፈልገዋል፤ ቢሮ ለሚቀመጥ 300ውም ይበቃል።

ባልደረባችን በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሌላ ላፕቶፕ ሊገዛ ሲወጣ የራሱን ስሌት በፍላሽ ይዞ ሄደ። ቻርጀሩን ነቅሎ ስሌቱን ለሃያ ደቂቃ እንዲያስኬድለት የጠየቃቸው ሁለት ሻጮች አልተስማሙም፤ ከሁለቱም ሳይገዛ ወጣ። ሦስተኛው «እንደፈለግህ» ብሎ ወንበር ሰጠው። የመረጠው መሣሪያ ክዳኑ ላይ ጭረት ያለበት፣ ከቀድሞው ወፈር ያለ፣ አራት ዓመት ያገለገለ ነው።

የቀድሞውን ብርማ ላፕቶፕ አጎትየው ጉድለቱን አንድ በአንድ ከሰሙ በኋላ በሚገባው ዋጋ ገዙት። አሁን በሶማሌ ተራው ሱቅ ባንኮኒ ላይ ቻርጀሩ ሳይነቀል ተቀምጦ የዲናሞና የሞተሪኖ ዝርዝር ይመዘገብበታል። ለዚያ ሥራ ሁለት ኮር ይበቃዋል፤ ማራገቢያውም ከተጠረገ ወዲህ አይጮኽም።