ሴት ልጅ በዕቅድ ትወለዳለች?

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሹ አራት። ሁለቱንም በአርባ ቀናቸው ክርስትና አንስተናል። ከባለቤቴ ጋር ሦስተኛ እንውለድ ብለን ስንስማማ በልቤ የነበረው የሰማንያ ቀን ክርስትና ነው። ፀጉሯን የምጎነጉንላት፣ ሳረጅ ጓዳዬን የምታውቅልኝ ልጅ። አማቴ ይህን ስትሰማ ገርሟት «ልጄ፣ ሰው ለወንድ ልጅ ይሳላል፤ አንቺ የተሰጠሽን ቆጥረሽ ትከፊያለሽ?» ብላኛለች። መመኘቱ ዛሬም የሚያሳፍር አይመስለኝም። የሚያሳፍረኝ ምኞቴን ለማሳካት ያደረግኩት ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ያለ ሰንጠረዥ ዕቅድ አይሆንልኝም። ስለዚህ ለሴት ልጅም ሰንጠረዥ አወጣሁ። ከዘመድ፣ ከሥራ ባልደረቦቼና ከስልኬ የለቀምኩት ምክር ተመሳሳይ ነበር። ጨው ቀንሺ፣ ሥጋና ሙዝ ተዪ፣ ወተት፣ እርጎና አይብ አብዢ፣ ቁርስ ዝለዪ፣ ስፖርቱን አጠንክሪ፤ ከባልሽ ጋር የምትገናኙትም እንቁላል ከምትለቀቅበት ቀን ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን፣ ከዚያ አቁሙ።

ጨው የሌለው ሽሮ በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት ወር በልቻለሁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት በባዶ ሆዴ አንድ ሰዓት እሮጣለሁ፤ ቢሮ ስገባ አንድ ብርጭቆ እርጎ፣ ምሳ ላይ ትንሽ ጎመን በአይብ፣ ማታ እንደነገሩ። ሰባት ኪሎ ቀነስኩ። ያየኝ ሁሉ «አምሮብሻል» ይለኛል። በሦስተኛው ወር የወር አበባዬ ቀረ። ተሳካ ብዬ በደስታ ፋርማሲ ሄጄ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ። አንድ መስመር ብቻ አሳየኝ። በሳምንቱ ደገምኩት፤ አሁንም አንድ መስመር።

የማህፀን ሐኪሟ ከምርመራው በፊት ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ሰንጠረዤን ከስልኬ አውጥቼ በኩራት አሳየኋት። አንብባ ስትጨርስ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሴት መውለጃ አይደለም፤ ልጅ አለመውለጃ ነው» አለችኝ።

እንዳስረዳችኝ ከሆነ ሰውነት የሚገባለት ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት በብዙ ሲያንስ መጀመሪያ ከሚያቋርጣቸው ሥራዎች አንዱ ለእርግዝና መዘጋጀት ነው። አንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚልከው የሆርሞን መልእክት ይቀንሳል፣ እንቁላል አትለቀቅም፣ የወር አበባም ይዘበራረቃል ወይም ይቀራል። እኔን ያጋጠመኝ ይኸው ነው። ስፖርቱ ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም፤ ጥፋቱ ሳልበላ መሮጤ ነበር።

ስለ ፆታው የነገረችኝ ደግሞ የትምህርት ቤት ባዮሎጂ ነው። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞዞም ይዛ ነው የምትጠብቀው። የአባት ዘር ግን ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ኤክስ የያዘው ቀድሞ ከገባ ሴት፣ ዋይ የያዘው ከገባ ወንድ። እኔ ጨው ትቼ ስሰቃይ ፆታውን የሚወስነው ዘር ከአጠገቤ ተቀምጦ ክትፎ የሚበላው ሰውዬ ዘንድ ነበር ማለት ነው! (ባለቤቴ ይህን ስነግረው ለሁለት ቀን ኮራ። እሱም ቢሆን መርጦ የሚልከው ነገር የለም።)

እና ያ ሁሉ ምክር ከየት መጣ? የቀን አቆጣጠሩን ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስፋፋው ላንድረም ሼትልስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ዋይ የያዘው ፈጣን ግን ቶሎ የሚሞት፣ ኤክስ የያዘው ዝግተኛ ግን ጠንካራ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለመውለድ እየሞከሩ የነበሩ 221 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ግን የግንኙነቱ ቀን ከልጁ ፆታ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሳየ። ያው ጥናት ሌላ ጠቃሚ ነገርም አስተምሮናል፤ ለማርገዝ የሚቻለው እንቁላል በምትለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት አምስት ቀናት ነው፤ ዕድሉም ወደ መጨረሻ እየጨመረ ይሄዳል። «ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ አቁሙ» የሚለውን የሚከተሉ ጥንዶች እንግዲህ ከሁሉ የተሻሉትን ቀናት በገዛ እጃቸው ይጥላሉ።

የቁርሱ ወሬ ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከወጣ ጥናት ጋር ይያያዛል። በ740 የመጀመሪያ ልጃቸውን ባረገዙ እናቶች ላይ የተሠራ ነው። ከማርገዛቸው በፊት ብዙ ካሎሪ ይበሉ ከነበሩት 56 በመቶዎቹ፣ ጥቂት ይበሉ ከነበሩት 45 በመቶዎቹ ወንድ ወለዱ ተባለ። በዓመቱ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እዚያው መጽሔት ላይ መልስ ጻፉ፤ ከመቶ በላይ የምግብ ዓይነቶችን አንድ በአንድ ከፆታ ጋር ስታመሳክሩ አንዱ በአጋጣሚ መግጠሙ አይቀርም አሉ።

እዚህ ላይ በራሴ ሙያ አፈርኩ። ምንም ሳይሠራ ግማሽ ያህሉን ደንበኛ የሚያስደስት ዕቃ ቢሰጠኝ ለመሸጥ ማስታወቂያ እንኳ አያስፈልገኝም። ሴት የወለደችው «እኔ ሠርቶልኛል» ብላ ለጎረቤት ትነግራለች። ወንድ የወለደችው «አንድ ቀን ሙዝ በልቼ ነበር» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ዕቃው በፍጹም አይወቀስም። «ካልሆነ ገንዘብ እንመልሳለን» እያለ የሚሸጥ እንኳ ከግማሹ ያተርፋል።

በእርግጥ ፆታን መምረጥ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ከማህፀን ውጪ የተፈጠረን ፅንስ መርምሮ መርጦ ማስገባት። ውድና አድካሚ ነው፣ ብዙ አገሮችም ያለ ሕክምና ምክንያት ይከለክሉታል። ለኛ ቤት የሚሆን አልነበረም።

ሰንጠረዡን ግን አልጣልኩትም፤ አርዕስቱን ቀየርኩት። አሁን «ጤነኛ እርግዝና» ይላል። ከላይ የተጻፈው ፎሊክ አሲድ ነው፤ በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት የሚጀመር። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቧንቧ የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ስለሆነ ብዙ ሴት ማርገዟን ባወቀችበት ጊዜ ጉዳዩ ያልቃል። በአገራችን ይህ ቧንቧ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከዓለም ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። የስንዴ ዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል፤ የኛ ዋና ምግብ ግን የጤፍ እንጀራ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት አላቸው፤ ቢሆንም ክኒኑን አይተኩም። በፊት በዚህ ችግር የተጎዳ ልጅ የወለደች ወይም ስኳር ያለባት ሴት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ሐኪሟን ትጠይቅ።

ቁርስ ተመልሷል፤ አንድ ቀን ገንፎ፣ አንድ ቀን እንቁላል በዳቦ። ሽሮው አዮዲን ባለው ጨው ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ ሐኪሟም ተዪ አላለችኝም፤ ግን በረጅም ጾም ጊዜ ቫይታሚን ቢ12 ስለሚያንስ ደሜን አስመረመረችኝ። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ከቤት ወጥተዋል፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በእርግዝና ጊዜ ወደ ፅንሱ ሊተላለፍ ይችላል። ከቡናው አቦሉን ጠጥቼ ቶናና በረካውን ለእንግዳ እተዋለሁ።

ሩጫው የፍጥነት እርምጃ ሆኗል። በሳምንት አምስት ቀን ሰላሳ ሰላሳ ደቂቃ፣ ማለትም ለአዋቂ የሚመከረው 150 ደቂቃ፤ ሰፋ ባሉት አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ። ባለቤቴም በሰንጠረዡ ውስጥ የራሱ ዓምድ አለው። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪደርስ ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የተተወ ሲጋራ ጥቅሙ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው ተብሎ በሥራ ቦታው አቁሟል። ቅዳሜ ላይ ግን ይሸታል፤ አውቃለሁ፣ አልናገርም።

አራቱን ኪሎ መልሻለሁ። የወር አበባዬ በሁለተኛው ወር መጣ፤ እንደዚያ ቀን የወር አበባ አስደስቶኝ አያውቅም። ይህን ስጽፍ ገና አላረገዝኩም። ክኒኑ ከስኳር ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያስታውሰኝ ትልቁ ልጄ ነው። እሱ የሚፈልገው በረኛ የሚሆን ወንድም ነው።