«ካም ሂር» ከማለት ተረት መንገር፦ ትንንሽ ልጆችን ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የምናስለምድበት ቀላል መንገድ

«ካም ሂር»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ኢት ዩር ፉድ»፣ «ዶንት ታች»። አዲስ አበባ ውስጥ ካፌም ግቡ፣ ታክሲም ተሳፈሩ፣ ወላጆች ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጆቻቸው ጋር በዚህ ዓይነት እንግሊዝኛ ሲያወሩ መስማት የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናም እንደዚያው። «ልጄ ወደ ኋላ እንዳይቀርብኝ» ብሎ የሚጨነቅ ወላጅ አይፈረድበትም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ይሄ የትእዛዝ እንግሊዝኛ ነው። «ና፣ ተቀመጥ፣ ብላ፣ ተው» ብቻ ሲባል የሚውል ልጅ መታዘዝን እንጂ ማውራትን አይለምድም። ዛሬ ምን እንደተፈጠረ፣ ማን ምን እንዳለው፣ ለምን እንደፈራ በዚያ ቋንቋ መናገር አይችልም። የባሰው ደግሞ ወላጅ አማርኛውን ቀንሶ፣ ራሱ እንደልቡ በማይናገረው ቋንቋ ብቻ ማውራት ሲጀምር ይመጣል። ልጁ ሁለቱንም ሳይጠግብ ያድጋል፤ አያቱ ቤት ሲሄድም የሚያግባባቸው ቋንቋ ያጥራል።

ዛሬ ልናካፍላችሁ የፈለግነው ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አማርኛውንም የማይነጥቅ መንገድ ነው፦ ተረት። ለወላጆች ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድም፣ እህት ወይም የእህት ልጅ ላላችሁም ይሆናል።

ተረት ምን የተለየ ነገር አለው?

አንደኛ፣ ተረት ይደጋገማል። ተረት ውስጥ ያለ እንስሳ አንድ በር አንኳኩቶ አያበቃም፤ ሦስት በር ያንኳኳል፣ በየበሩም ያንኑ ይናገራል። ትልቅ ሰው ሊሰለቸው ይችላል። ለልጅ ግን ጨዋታው እሱ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ አብሮ መናገር ይጀምራል።

«አንድ ተረት ስንቴ ይነገራል?» ለምትሉ፣ በእንግሊዝ የሚገኘው የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት መልስ አለው። የ3 ዓመት ልጆችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ያንኑ ታሪክ ደጋግመው አነበቡለት፤ ለሌላው የተለያዩ ታሪኮችን አነበቡለት። አዲሶቹን ቃላት ሁለቱም ቡድኖች የሰሙት እኩል ጊዜ ነው። ቃላቱን በደንብ የያዙት ግን አንዱን ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ልጆች ሆኑ። ጥናቱ የተሠራው በልጆቹ በራሳቸው ቋንቋ ቢሆንም ነገሩ ለእኛም ይጠቅማል። ልጁ «እንደገና!» ብሎ ሲያስቸግራችሁ እየተማረ ነው ማለት ነው። አትሰልቹ።

ሁለተኛ፣ ተረት ትርጉሙን ይዞ ይመጣል። ልጁ ታሪኩን አስቀድሞ በአማርኛ ካወቀው፣ በእንግሊዝኛ ሲሰማው ግራ አይጋባም። ጅቡ በሩ ጋ እንደቆመና እንደራበው ያውቃል። የቀረው አዲሶቹን ድምፆች ከሚያውቀው ነገር ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ከቤተሰቦቹ የሰማው የአማርኛ ተረት እንግሊዝኛውን አይሻማበትም፣ መሠረት ይሆነዋል።

ሦስተኛ፣ ተረት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያሰማል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፦ «ጅቡ በሩን አንኳኳ» እንላለን። እንግሊዝኛ ደግሞ ግሱን መሃል ያስገባል፦ «ዘ ሃይና ኖክድ ኦን ዘ ዶር»። ይሄንን ለአራት ዓመት ልጅ በሰዋስው ማስረዳት አይቻልም። ደጋግሞ ሲሰማው ግን ጆሮው ይለምደዋል። ተረት የሚነገረው ባለፈ ጊዜ ስለሆነ፣ በኋላ ብዙ ተማሪ የሚቸገርበትን ያለፈ ጊዜ ግስም ሳያውቀው ይሰማዋል።

ታዲያ ዩቲዩብ ከፍቶ መስጠት አይበቃም?

አይበቃም። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የታወቀ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ የ9 ወር ሕፃናትን 12 ጊዜ ማንዳሪን ቻይንኛ አሰሟቸው። አንዳንዶቹ ቋንቋው ከሚናገር ሰው ጋር ተቀምጠው ተጫወቱ፣ መጽሐፍም ተነበበላቸው። ሌሎቹ ያንኑ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ብቻ ተከታተሉ። ከሰው ጋር የተጫወቱት የቻይንኛውን ድምፆች መለየት ቻሉ። በቪዲዮና በድምፅ ብቻ የተከታተሉት ግን ምንም አልተማሩም።

እርግጥ የ4 ዓመት ልጅ ከ9 ወር ሕፃን ይለያል፤ ከቪዲዮም ቃላት ሊይዝ ይችላል። ግን ቪዲዮ ልጁ ሲሳሳት አያየውም፣ ሲጠይቅ አይመልስለትም፣ ሲፈራ አያቅፈውም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት ባይቀመጡ ይመረጣል ይላል፤ ካነሰም የተሻለ ነው። በተቀመጡበት ሰዓት ማንበብና ተረት መንገርን ያበረታታል።

ስልኩ ይጣል ማለታችን አይደለም። ስልኩን ለራሳችሁ ተጠቀሙበት። ማታ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት ጊዜ አዳምጡ፣ የቃላቱን አነጋገር ያዙ፣ ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ለልጁ በራሳችሁ አፍ ንገሩት።

አያ ጅቦን በእንግሊዝኛ

እስቲ በምሳሌ እንየው። አጭር ተረት አዘጋጅተናል። አያ ጅቦ ይርበዋል። መጀመሪያ የዶሮን በር ያንኳኳል። «በሩን ክፈቺ!» ይላታል። «አልከፍትም! አንተ ጅብ ነህ!» ትለዋለች። ቀጥሎ ፍየል ጋ ይሄዳል፤ መልሱ ያው ነው። በመጨረሻ አህያ ጋ ይደርሳል። አህያ በሩን ከፍታ በኋላ እግሯ አንዴ ስታቀምሰው አያ ጅቦ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። በቃ፣ ይሄው ነው።

ቀን 1 እና 2፦ ሙሉውን በአማርኛ ንገሩት። «ተረት ተረት» ስትሉ «የላም በረት» ይበላችሁ። ድምፃችሁን ቀያይሩ፣ ጠረጴዛውን አንኳኩ፣ እንደ ጅብ ጩኹ።

ቀን 3 እና 4፦ ተራኪው በአማርኛ ይቀጥል፣ እንስሳቱ ግን በእንግሊዝኛ ያውሩ። ጅቡ «ኦፕን ዘ ዶር!» ይበል። ዶሮም ፍየልም «ኖ! ዩ አር ኤ ሃይና!» ብለው ይመልሱ። ሌላ ምንም አትጨምሩ።

ቀን 5 እና 6፦ ልጁ ገጸ ባሕርይ ይምረጥ። ብዙ ጊዜ ጅቡን መሆን ይፈልጋል። የቤቱን እውነተኛ በር ያንኳኳ፣ እናንተ ከውስጥ መልሱ። ከዚያ ቦታ ተቀያየሩ።

ከቀን 7 በኋላ፦ ተራኪውም አጫጭር እንግሊዝኛ ይጀምር። «ዘ ሃይና ወዝ ሀንግሪ»፣ «ሂ ኖክድ ኦን ዘ ዶር»፣ «ሂ ራን አዌይ»።

በቀን 10 ደቂቃ ቢበቃ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ልጁ ኦፕን፣ ዶር፣ ሃይና፣ ሄን፣ ጎት፣ ዶንኪ እና ሀንግሪ የሚሉትን ቃላት መያዝ ይጀምራል፤ ያውም በቦታቸው። አንድ ቀን እናንተ መታጠቢያ ቤት ሆናችሁ «ኦፕን ዘ ዶር!» ብሎ ቢጮህባችሁ እንዳትገረሙ።

ሌላ ምን ተረት እንምረጥ?

አጭር፣ ገጸ ባሕርያቱ ጥቂት የሆኑና አንድ አባባል የሚደጋገምበት ይሁን። ከውጪዎቹ «ጎልዲሎክስና ሦስቱ ድቦች» ጥሩ ጀማሪ ነው። ወንበር፣ አልጋ፣ ሳህን፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ትልቅ፣ ትንሽ የሚሉት የቤት ውስጥ ቃላት ይመጡበታል። «ቀይ ኮፍያ ያላት ልጅ» የምንላት ታሪክ ደግሞ የፊት አካላትን ለማስተማር ትመቻለች።

ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697፣ የጀርመኖቹ ግሪም ወንድማማቾች ደግሞ ከ1812 ጀምሮ ያሳተሟቸው ተረቶች ውስጥ ጭካኔ የበዛባቸው አሉ። በፔሮ ታሪክ ቀይ ኮፍያ ያላት ልጅ በተኩላው ተበልታ ታልቃለች። መጀመሪያ ራሳችሁ አንብቡት፣ የሚያስፈራውን ቀንሱ።

ከኛዎቹ «ማሞ ቂሎ» ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። እናቱ ትመክረዋለች፣ እሱ የትናንቱን ምክር ዛሬ ያለቦታው ይሠራበታል፣ ደግማ ትመክረዋለች። ልጅ እየሳቀ ድግግሞሹን ይይዛል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይሄንን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርጎ በመጽሐፍ አሳትሞታል። «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና «ስቶሪዊቨር» የሚባሉት ድረ ገጾች ላይም አማርኛም እንግሊዝኛም የልጆች ታሪኮች በነፃ ይገኛሉ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ዳውንሎድ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፓኬጅ አይበላባችሁም።

እነዚህን ተጠንቀቁ

ቃል በቃል አትተርጉሙ። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ኋላ አማርኛውን ካስከተላችሁ ልጁ አማርኛውን ብቻ መጠበቅ ይለምዳል። በእጅ፣ በፊትና በድምፅ አሳዩት።

እንግዳ ፊት አትፈትኑት። «እስቲ ፍየል በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ንገራቸው!» ማለት ጨዋታውን ፈተና ያደርገዋል። ልጅ አንዴ ካፈረ አፉን ይዘጋል።

ሲሳሳት «ተሳስተሃል» አትበሉት። «ሃይና ጎ ዶር» ካለ፣ «የስ! ዘ ሃይና ዌንት ቱ ዘ ዶር!» ብላችሁ በደስታ መልሱለት። ትክክለኛውን ሰማ፣ አልተሸማቀቀም።

«የኔ እንግሊዝኛ ደካማ ነውስ?» ለምትሉ፣ ከላይ ያየነው ተረት የሚጠይቃችሁ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር አጥንቶ በደንብ መናገር ማንም ይችላል። ልጁም ከእናንተ የሚፈልገው እንደ ለንደን ሰው እንድትናገሩ አይደለም። አብራችሁት እንድትጫወቱ ነው። እግረ መንገዳችሁን የራሳችሁም እንግሊዝኛ ይሻሻላል።

በውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ነገሩን ገልብጡት። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚያድግ ልጅ እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት ያገኘዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያጣው አማርኛውን ነው። እሱ የሚያውቀውን የእንግሊዝኛ ታሪክ ይዛችሁ ገጸ ባሕርያቱ በአማርኛ እንዲያወሩ አድርጉ። ዘዴው ያው ነው።

የመጀመሪያውን የአማርኛ ተረት ደግሞ ከተቻለ አያት ይንገሩት። እሳቸው በአማርኛ ይጀምሩ፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ቀጥሉበት። ልጁ እንግሊዝኛ የሚማረው ከቤቱ ሰው ሳይርቅ ይሆናል።

እናንተስ ልጅ ሆናችሁ በጣም የምትወዱት ተረት የትኛው ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ትንሽ ልጅ ላለው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉት።