ምንጣፍን ከአቧራና ከእድፍ ስለ መጠበቅ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ምንጣፍ አያያዝ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ምንጣፍ የሚለው ስም የወጣው «አነጠፈ» ከሚለው ግስ ነው፤ ከሰሌን የተሠራውም ሆነ ከበግ ጠጕር የተሠራው አንጥፈው የሚቀመጡበት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ስጋጃ የምንለው ግን ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በመሠረቱ የሚሰግዱበት ምንጣፍ ማለት ሲሆን «ሰገደ» ከሚለው ከእኛው ግስ ጋር ዘመድ ነው።

አቧራ ምንጣፍን ምን ያህል እንደሚፈትን ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ካርቱም ይመልከት። በከተማዪቱ ደቡብ የምትገኘው ማዮ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በጦርነትና በድርቅ ምክንያት አገራቸውን የለቀቁ ሰዎች የሰፈሩባት ናት። ቤቱ የጭቃ፣ ወለሉም አፈር በሆነበት ስፍራ አንዱ ምንጣፍ መኝታም፣ ገበታም፣ የእንግዳ መቀመጫም ይሆናል። እንግዲህ ምንጣፉን ማጽዳት ለጌጥ ያህል የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ ሕፃናት የሚተነፍሱት ከወለሉ አጠገብ ነውና።

በዚያ አገር በተለይ በበጋው ሙቀትና በዝናቡ ወራት «ሀቡብ» የተባለ የአቧራ ማዕበል ይነሣል። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል፤ በር ቢዘጉም በስንጥቁ ይገባል። ደቃቁ አሸዋ በምንጣፉ ጠጕር ሥር ይቀመጥና በላዩ በተረገጠ ቍጥር ክሩን እየፈተገ ይቈርጠዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ውሃ ከማቅረብ በፊት አቧራውን በደረቁ ማውጣት ነው፤ በአቧራ ላይ የፈሰሰ ውሃ ጭቃ ሆኖ ይቀራልና። ምንጣፉን ወደ ውጭ አውጥቶ በገመድ ላይ መስቀል፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ከጀርባው በዱላ ቀስ እያሉ መምታት ይገባል። የሚመታው ሰው አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ልጆችም ፈቀቅ ይበሉ። ከታጠበ በኋላ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ይድረቅ፤ ብርቱ ፀሐይ ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

ስለ እድፍ ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ማስታወስ ይጠቅማል። ሱዳኖችም እንደ እኛ ቡናቸውን በጀበና ያፈላሉ፤ ቡናው በምንጣፍ ላይ የፈሰሰ እንደ ሆነ መፈተግ እድፉን ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዞ ከዳር ወደ መካከል እየተጫኑ ማስመጠጥ፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማለስለስ ይበቃል። ከርከዴ የተባለው ቀይ መጠጥ ሳሙና ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ አስቀድሞ ጥቂት ኮምጣጤ በብዙ ውሃ በጥብጦ እርሱን መጠቀም ይሻላል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ እንጂ በሙቅ አይነካም። የቅቤ ወይም የወጥ እድፍ በማንኪያ ተፍቆ ዱቄት ይነስነስበት፤ ዱቄቱ ቅባቱን ከጠጣ በኋላ ይራገፋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። በረኪና ለበግ ጠጕር ጠላቱ ነው፤ ጠጕሩን ይበላዋል። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎሪን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ይህ ለሕይወት ያሰጋል። ምንጣፉ የጠጕር መሆኑን ለማወቅ ከዳሩ አንድ ክር ነቅሎ፣ ከምንጣፉም ርቆ ማቃጠል ነው፤ የተቃጠለ ጠጕር ከሸተተና አመዱ ከተፈረፈረ የጠጕር ነው፤ ቀልጦ እንደ ጠጠር ከደረቀ ግን የፋብሪካ ሰው ሠራሽ ክር ነው።

በካርቱም ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ምንጣፍ ሲቈሽሽ ቍጣው በሠራተኛዪቱ ላይ ሲወርድ ማየት በእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ቍጣ ግን እድፍ አያወጣም። ደመወዟ እንዳይቈረጥባት የፈራች ሴት የፈሰሰውን ትሸፍነዋለች፤ እድፉም ደርቆ ይቀራል። ምን እንደ ፈሰሰ ወዲያው ያለ ፍርሃት የምትናገርበት ቤት ግን ምንጣፉንም እርሷንም ያተርፋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እጅግ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ተሰደዋል። ሰው ቤቱን ትቶ ሲወጣ ተጠቅልሎ በትከሻ ሊያዝ የሚችለው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ምንጣፍ ከዚያ አንዱ ነው። ምንጣፉን ለጊዜው የሚያስቀምጥ ሰው አጽድቶና በደንብ አድርቆ ይጠቅልለው እንጂ አይጠፈው፤ ያደፈውን ጠጕር ብል ፈጥኖ ይበላዋልና። በደኅና የተያዘ ምንጣፍ በሄዱበት ሲነጠፍ ያ ስፍራ ቤት ይሆናል።